የእትዬ ሦስተኛ ፈተናና የወንድሜ መኪና

መኪና መንዳት ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። የምሠራው አየር ጤና አካባቢ ባለ አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ነው። በእነዚህ ዓመታት ፍሬንና ነዳጅ የሚምታታበት፣ ወደ ቀኝ ዙር ሲሉት መሪውን ትቶ አንገቱን የሚያዞር፣ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ዓይኑን የሚጨፍን፣ ስንት ዓይነት ሰው አይቻለሁ። እንደ እትዬ ያለ ተማሪ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

እትዬ ጎረቤታችን ናቸው፤ ቤታቸው ከእኛ ግቢ ሁለት በር አለፍ ብሎ ነው። ያኔ ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ቀጠን ያሉ፣ ንግግራቸው ፈጠን ያለ፣ ክረምት ከበጋ ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎጃም ሲመላለሱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ገዙ፤ ቅዳሜ ገበያ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ባልና ሚስቱ ሲሄዱባት እናይ ነበር። ሰውየው ሲያርፉ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ቀረች። ልጆቻቸው "እንሽጣት" አሉ። እትዬ "ተረጋጉ" አሉ። የሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት በራችንን አንኳኩ።

"ልጄ፣ ሥራሽ መኪና ማስተማር አይደል?"

"አዎ እትዬ፣ ምነው?"

"እኔንም አስተምሪኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ከጎኑ ተቀምጬ ሄጃለሁ። አሁን ወንበር ልቀይር።"

መንዳቱን ቶሎ ያዙት። እንዲያውም አንዳንድ ነገር ከእኔ ቀድመው ያዩ ነበር፤ የሞተር ድምፅ ሰምተው "ማርሹ ከበደው" የሚሉኝ እሳቸው ናቸው። ችግራቸው ሌላ ነው። እትዬ የሚያውቁትን ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ አይችሉም፤ ኮልፌ ውስጥ ደግሞ የማያውቁት ሰው የለም።

የመጀመሪያው ፈተና ላይ ፈታኙ ከጎናቸው ተቀምጦ ከተማ ውስጥ ሲነዱ፣ ሁሉም ነገር ደህና ሲሄድ ቆይቶ፣ ለቅሶ ያልደረሷትን አንዲት ሴት መንገድ ዳር አዩ። ፍሬቻ አሳዩ። ጥግ ያዙ። መኪናውን አቁመው የእጅ ፍሬን ሳቡና ወረዱ። ሁሉንም ባስተማርኳቸው መሠረት ነው ያደረጉት። ከዚያ ከሴትየዋ ጋር ተቃቅፈው አለቀሱ። ፈታኙ ሩብ ሰዓት ያህል መኪና ውስጥ ሆኖ ጠበቃቸው። ሲመለሱ "ይቅርታ ልጄ፣ እናቷ ሞተውባት ነው" አሉት። ፈታኙም "ነፍስ ይማር" ብሎ ጣላቸው።

በሁለተኛው ፈተና በቋሚ እንጨቶች መሃል ወደ ኋላ ሲያስገቡ አንዱን እንጨት ገጩት። እንጨት መግጨት በራሱ መውደቂያ ነው። እሳቸው ግን በዚያ አላበቁም፤ ወርደው እንጨቱን አቃኑት፣ ሥሩን በእግራቸው ጠቅጠቅ ጠቅጠቅ አድርገው አጠበቁት፣ ቀጥለውም "እንዲህ ላላ አድርጎ የተከለው ማነው?" ብለው ፈታኙን ተቆጡት።

ሦስተኛው ቀጠሮ ነሐሴ ውስጥ ዋለ።

በዚሁ ነሐሴ የታላቅ ወንድሜ መኪና እኛ ግቢ ቆማ ነበር። ወንድሜ ሥራው መንገድ ግንባታ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ጭቃና አቧራ ላይ የሚውል ሰው ነው። ሰው ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና በሚገዛበት ሰሞን እሱ ቤንዚን እንደ ውሃ የምትጠጣ፣ ሁለት በር ያላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ብርማ የእሽቅድምድም መኪና ይዞ መጣ። ከመሬት ያላት ከፍታ አንድ ጡብ አያሾልክም። መንገድ የሚሠራ ሰው መንገድ የማትችል መኪና ገዛ። እናቴ ከበረንዳ ላይ ሆና ዙሪያዋን አየቻትና "ምነው ልጄ፣ የሆነ ሰው ተቀምጦባት ነው እንዴ?" አለችው።

ወንድሜ የሁለት ወር ሥራ ክፍለ ሀገር ሲሄድ መኪናዋን ለእኔ ሰጠኝ። ከቁልፉ ጋር ትእዛዝ አስከተለ።

"በየሦስት ቀኑ ሞተሯን አስነሺ። እሑድ እሑድ አስፋልት ላይ ብቻ ትንሽ አንሸራሽሪያት። ሰው እንዳይነካት። ዝናብ ካለ በፍጹም እንዳታወጪያት።"

"ዝናብ ምን ያደርጋታል? ስኳር ናት?"

"የምትስበው በኋላ ጎማዋ ነው። ጉልበቷ ብዙ ነው፣ ጎማዋ ሰፊ ነው፣ ከኋላ ደግሞ ቀላል ናት። መሬቱ ትንሽ ካሟለጨ ጭራዋን ታወዛውዛለች። ፈረንጆቹ እንኳ በረዶ ሲጥል ሸፍነው ነው የሚያስቀምጧት።"

"እኔ እኮ የመንዳት አስተማሪ ነኝ" አልኩት።

"ለዚህ ነው የፈራሁት" አለኝ። "የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ይጠነቀቅላት ነበር።"

የፈተናው ቀን ቀጠሮው ለዘጠኝ ሰዓት ነበር። ወደ ፈተናው ቦታ የማሠልጠኛችን አንደኛዋ መኪና ከሌሎች ተፈታኞች ጋር ጠዋት ሄዳለች፤ እትዬ የሚፈተኑት በእሷ ነው። የእኔ ሥራ በሁለተኛዋ መኪና እሳቸውን ማድረስ ብቻ ነበር። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከማሠልጠኛው ልወጣ ስል ፍሪሲዮኑ ከእግሬ ሥር ልፍስፍስ ብሎ ቀረ። መካኒኩ ሆዷ ሥር ገብቶ ወጣና "ዛሬ የትም አትሄድም" አለ።

በእግሬ ሮጬ ወደ ሰፈር ተመለስኩ። የአየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ሁለት ጊዜ ተጠማዞ ከፋርማሲው በር አልፏል፤ ሚኒባስ ግን አንድም አይታይም። በስልክ የሚጠራውን መኪና ሞከርኩ። አንዱ "መጣሁ" ብሎ ሰረዘ። ሌላው ይህንንም ሳይል ሰረዘ። ቤት ስደርስ እትዬ ግቢያችን ውስጥ ቆመዋል። ነጭ ቀሚስ፣ አዲስ ነጠላ፣ ጥቁር ሸራ ጫማ፣ ጃንጥላ። ለሠርግ የተጠሩ እንጂ ለፈተና የሚሄዱ አይመስሉም። ነገሩን ነገርኳቸው። እሳቸውም በጃንጥላቸው ጫፍ ሸራ ወደለበሰችው የወንድሜ መኪና ጠቆሙ።

"ያቺንስ?"

"እትዬ፣ የወንድሜ ናት። በዝናብ እንዳታወጪ ብሎኛል።"

ወደ ሰማይ ቀና አሉ። "አሁን ይዘንባል?"

አይዘንብም ነበር። ከወጨጫ ተራራ በኩል ግን ደመናው እንደ ከሰል ጠቁሮ ቁጭ ብሏል።

"ሊዘንብ ነው እኮ።"

"ሊዘንብ ከሆነማ ሳይዘንብ እንድረስ" አሉ። "ይህ ቀን ካለፈኝ ሌላ ቀጠሮ መቼ እንደሚሰጡኝ እንጃ። ልጆቼም መኪናዋን ይሸጡብኛል። ዛሬ ጠዋት የመጣ ሰው ጎማዋን በእግሩ ሲመታ አይቼዋለሁ።"

ሸራውን ገፈፍኩት።

እትዬን ማስገባቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። መጀመሪያ በግራ እግራቸው ሞከሩ፣ አልሆነም። በቀኙ ሞከሩ፣ ጭንቅላታቸው ጣሪያውን መታ። በመጨረሻ ጀርባቸውን ሰጥተው እንደ ጉድጓድ ውስጥ ወደቁና ሁለት እግራቸው ውጭ ቀረ። እግራቸውን አንሥቼ አስገባሁላቸው።

"ይሄ ወንበር አይደለም፣ አልጋ ነው" አሉ ወደ ላይ እያዩ። "ሰማዩን ብቻ ነው የማየው።"

ሞተሩን ሳስነሣ ግቢው ጮኸ። እናቴ ከውስጥ "ምን ወደቀ?" ስትል ሰማኋት፤ አልመለስኩላትም።

ዋናው መንገድ እስከ ጦር ኃይሎች ድረስ ተቆላልፎ ስለነበር በውስጥ በውስጥ፣ በኮብልስቶኑ ልውጣ አልኩ። ሠፈር ለሠፈር ሄዶ፣ ቁልቁል ወርዶ፣ አንዲት ትንሽ ድልድይ ተሻግሮ፣ ወዲያ ማዶ ያለውን ዳገት ወጥቶ አስፋልት ላይ የሚጥል መንገድ ነው። በየጉብታው ላይ ሆዷ እንዳይፋቅ በሰያፍ እያለፍኩ፣ ቆሜ እየተነሳሁ እሄዳለሁ። እትዬ የሚያውቁት ሰው ባዩ ቁጥር እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ ዝቅ ብለው ስለተቀመጡ ግን ከውጭ የሚታየው እጃቸው ብቻ ነው። አንዲት ሴትዮ ደንግጣ አማተበች።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ የመጀመሪያው የበረዶ ፍሬ ኮፈኑ ላይ ጠብ አለ። ሽንብራ ያህላል። ቀጥሎ ሁለተኛው። ከዚያ ሰማዩ ጆንያ ሙሉ ጠጠር ገልብጦ የደፋብን መሰለኝ። የጣሪያው ድምፅ ከማደንቆሩ የተነሣ እትዬ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ የሚሉትን አልሰማም። እየጸለዩ ይሆናል ብዬ "አሜን" አልኩ። ለካ "ፍሬን እንዳትይዢ" እያሉኝ ነው።

ኮብልስቶኑ በአንዴ ነጭ ሆነ። እንደ ዱቄት የሚረገጥ ነጭ እንዳይመስላችሁ፤ በአንድ ሰፊ ትሪ ላይ የተበተነ ብይ ነው። እኔም ፍሬን ነካሁ። ነካሁ ነው የምለው፣ ረገጥኩ አላልኩም። ፊቷ ቆም ሊል ሲል ኋላዋ "እኔ ልቅደም" አለ። አጥሩ፣ ሱቁ፣ የመብራት እንጨቱ በፊቴ እየተከታተሉ አለፉ። ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት "ስትንሸራተቱ መሪውን ወደምትሄዱበት መልሱ፣ አትደንግጡ" ስል የኖርኩ ሴት መሪውን ለቅቄ ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ።

ታች ድልድዩ አጠገብ፣ አንድ ጅምር ሕንፃ ፊት ለፊት ከተከመረ አሸዋ ላይ ጭራዋ ቀስ ብሎ አረፈ። የመጣንበትን ቁልቁለት ፊት ለፊት እያየን ነው።

"ልጄ" አሉ እትዬ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ "ቤት ልንመለስ ነው?"

ወርጄ አየሁ፤ ከአሸዋው በቀር የነካት ነገር የለም። በረዶው ቀለል ቢልም አልቆመም። መኪናዋን እንደምንም ለጥ ባለው ቦታ ላይ አዞርኩና ወደ ማዶው ዳገት ፊቷን አቀናሁ። ነዳጅ ሰጠሁ። ሞተሩ አገር የሚያስለቅቅ ድምፅ አወጣ፤ የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት ተሽከረከሩ፤ በረዶውና ጭቃው ከኋላችን እንደ ምንጭ ተነሣ። አሥር እርምጃ ያህል ወጣችና ጎኗን ሰጥታ ተመለሰች። ደገምኩ። በዚህኛው አምስት እርምጃ።

የሚያድነኝ ነገር ፍለጋ ዳሽቦርዱ ላይ ዓይኔን ሳንከራትት የበረዶ ምልክት ያለበት ቁልፍ አየሁ። ፈረንጅ ለበረዶ ብሎ የሠራው ነገር ይኖራል ብዬ ተደስቼ ተጫንኩት። ከፊት ለፊታችን ቀዝቃዛ አየር እንደ መዓት ለቀቀብን።

"ምነው ልጄ" አሉ እትዬ እየተንቀጠቀጡ፣ "የውጭው አነሰን?"

አጥፍቼው ሦስተኛ ልሞክር ብዬ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ስረግጥ እትዬ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጫኑ።

"እስቲ ተይ። ምን ብለሽ ነበር ያስተማርሽኝ? ጎማ ሲሽከረከር ነዳጅ መስጠት…?"

"ጉድጓዱን ማጥለቅ ነው" አልኩ እንደ ተማሪ።

"ታዲያ?"

እትዬ በሩን ከፍተው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ከዚያ ጉድጓድ ወንበር እንደምንም ወጡ። መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና ኋላዋን በመዳፋቸው ጫን አደረጉ። ከፍ ዝቅ አለች።

"ባዶ ናት" አሉ። "እሱ ነፍሱን ይማረውና፣ የተጫነ መኪና ያጎነብሳል፣ ባዶ መኪና ይፎክራል ይል ነበር። ክረምት ላይ ባዶውን ከመመለስ ድንጋይ ጭኖ ይመለስ ነበር። ይህችም ከኋላዋ ክብደት ነው የምትፈልገው።"

ድልድዩ አጠገብ ካለች ሱቅ ቆርቆሮ ሥር አንዲት ድንች ነጋዴ ተጠልላ ነበር። ደልደል ያለች፣ ካቦርት የደረበች ሴት ናት፤ ሁለት ጆንያ ድንቿን ላስቲክ አልብሳ፣ ወደ አስፋልቱ የሚያወጣላት ጋሪ ስትጠብቅ በረዶ የያዛት ናት። ትርኢቱን ከመጀመሪያው ጀምራ አይታለች። እትዬ ሄደው ሰላም አሏት፤ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ክረምቱ ጠየቋት። እኔ በበረዶ እየተቀጠቀጥኩ ሰዓቴን አያለሁ። በመጨረሻ ጉዳያቸውን ነገሯት።

"ድንችሽ ከእኛ ጋር ይውጣ። አንቺም አብረሽ ውጪ።"

"በዚህች?" አለች ነጋዴዋ መኪናዋን እየተመለከተች። "እኔን የት ታስገባኛለች?"

እውነቷን ነው። የኋላውን ኮፈን ስከፍተው አንድ የእጅ ሻንጣ የምትይዝ ቦታ ናት። ጆንያው አልገባ አለ። እትዬ ትንሽ አስበው "ዘርግፉት" አሉ። ሁለቱንም ጆንያ ድንች ወንድሜ በየሳምንቱ በብሩሽ በሚጠርገው ምንጣፍ ላይ ዘረገፍነው። የኮፈኑን ማዕዘን ሁሉ ሞላው፤ የቀረውን ከሁለቱ ወንበሮች ጀርባ ጠቀጠቅነው። ከጅምሩ ሕንፃ አንድ ጥበቃ ረጅም ኮት ለብሶ ሊያግዝ መጣ። ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን አየና "አሁንም ይቀራታል" አለ።

እትዬ እኔንና ነጋዴዋን ከላይ እስከ ታች መዘኑን።

"እናንተ የኋላው ኮፈን ላይ ተቀመጡ።"

"እኔ?" አልኩ። "እኔ ከተቀመጥኩ ማን ይነዳል?"

"እኔ ነኛ። እኔ ከኋላ ብቀመጥ ምን እጠቅማለሁ? አርባ ስምንት ኪሎ ነኝ። አንቺ ደግሞ፣ ይክበድሽ አልልም፣ እግዜር ሰጥቶሻል።"

ጥበቃው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ይኼንን መቼም አልረሳለትም።

መንጃ ፈቃድ የሌላቸው ሴት፣ የመንዳት አስተማሪያቸውን ኮፈን ላይ አስቀምጠው ሲነዱ ሕጉ ምን እንደሚል በደንብ ስለማውቀው እዚህ አልጽፈውም። ባዶዎቹን ጆንያዎች ኮፈኑ ላይ አነጠፍንና እኔና ነጋዴዋ ጎን ለጎን ወጥተን ተቀመጥን። ከሥራችን ቆርቆሮው "ጓ" ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ነጋዴዋ የእትዬን ጃንጥላ ለሁለታችን ዘረጋች። ጥበቃው ከጎን አንድ ድንጋይ ይዞ ተሰለፈ፤ መኪናዋ ወደ ኋላ ካለች ጎማዋ ሥር ታኮ ሊያደርግላት ነው።

እትዬ ከመስኮቱ ብቅ አሉ። "ልጄ፣ ፍሪሲዮኑ የታለ?"

"የላትም እትዬ! ማርሿን ራሷ ነው የምትቀይረው!"

"ታዲያ ግራ እግሬ ምን ይሥራ?"

"ይረፍ!"

"ተመስገን፣ እሱን ነው የሚያመኝ" አሉና መስኮቱን ዘጉ።

ሞተሩ አልጮኸም። እንዲያውም መነሣቷን ያወቅሁት የሱቁ ቆርቆሮ ወደ ኋላ ሲሄድ ነው። ሰው በእግሩ ከሚሄደው ዝግ ብላ፣ ጎማዋ እያንዳንዱን ኮብልስቶን እየዳሰሰ፣ ዳገቱን ጀመረች። አንድ ቦታ ላይ ጭራዋ ትንሽ ሸሸ። ነጋዴዋ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ "ሱታ! ሱታ!" ብላ ጮኸች፤ ቀስ በይ ማለቷ ነው። እትዬ ኦሮምኛውን ይሰሙታል፤ ነዳጁን ለቀቅ አደረጉ፣ መኪናዋም ራሷን አቃናች። እኔ ብሆን ኖሮ ረግጬ ገደል እከታት ነበር።

የሠፈሩ ሰው በየበሩ ቆሞ ያየናል። ነጭ መሬት፣ ብርማ መኪና፣ ኮፈኗ ላይ በአንድ ጃንጥላ ሥር ሁለት ሴቶች፣ ከጎን ድንጋይ የተሸከመ ባለኮት። ከአንድ በር ላይ ሽበታም ሰው "የማን ሠርግ ነው?" ብለው ጠየቁ። ነጋዴዋ "የድንች!" ብላ መለሰችላቸው።

አጋማሹ ላይ አንዲት አሮጊት ከአጥራቸው ብቅ ብለው መሪውን የያዙትን አወቁ መሰለኝ "እንዴ! አንቺ ነሽ? ደህና ነሽ ወይ?" ብለው ተጣሩ። እዚህ ዳገት ላይ ከቆምን መነሣት የለም። የሹፌሩ መስኮት ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ የእትዬ ድምፅ፦

"ደህና ነኝ! ዛሬ አልወርድም! እሑድ እመጣለሁ!"

አልቆሙም። በዓመት ከምናምን ትምህርት ውስጥ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን የለም፤ ኮፈኑ ላይ ሆኜ አጨበጨብኩ፤ ልንሸራተትም ነበር።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ድንቹን መልሰን ጆንያ ውስጥ ከተትን። ነጋዴዋ ወገቧን እያሸች "ከጋሪ ይሻላል፣ ግን ይቀዘቅዛል" አለች። ጥበቃው ድንጋዩን መንገድ ዳር አስቀመጠና ለእትዬ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጣቸው። እኔ የኋላውን ኮፈን አየሁ። ሁለት ሰፋፊ ጎድጓዳ ነገሮች፣ ጎን ለጎን። አንደኛው የእኔ ነው። የትኛው እንደሆነ መለየት አልፈለግሁም።

ከአስፋልቱ ጀምሮ እኔ ነዳሁ። ፈተናው ቦታ ዘጠኝ ከሃምሳ ላይ ደረስን። ሜዳው በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ ቋሚ እንጨቶቹ ብቻ ይታያሉ። ተፈታኞቹ በረንዳ ላይ ተደርድረው እጃቸውን ያፋትጋሉ፤ በረዶው እስኪቀልጥ ፈተናው ቆሟል። ከዘጠኝ ሰዓት ተቀጣሪዎቹ ማንም ገና አልተጠራም። እትዬ "ይኸው፣ እግዜር ጠበቀን" ብለው ነጠላቸውን አራገፉ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጀመሩ። መሬቱ አሁንም ያሟልጫል። ከእትዬ በፊት የገቡት ሁለት ጎረምሶች አንዱ እንጨት ገጭቶ፣ አንዱ ዳገቱ ላይ ሞተር አጥፍቶ ወጡ። እትዬ ሲጠሩ ፈታኙ ያው በለቅሶው ቀን የጠበቃቸው ሰው ሆኖ ተገኘ። አወቃቸው።

"እናቴ፣ ዛሬስ ለቅሶ የለም?"

"የለም ልጄ። ዛሬ ሁሉም ሰው ቤቱ ነው፣ በረዶ ነው።"

ወደ ኋላ አስገቡ፤ እንጨቶቹ ንቅንቅ አላሉም። ዳገቱ ላይ አቁመው ሲያስነሡ መኪናዋ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ አላለችም። ከዚያ ጎዳና ወጥተው ተመለሱ። ፈታኙ ሲወርድ ወደ እኔ መጣና "ምን አድርገሻቸው ነው?" አለኝ። "ተለማመዱ" አልኩት። ውጤቱ ከቀናት በኋላ ሲለጠፍ አለፉ። እትዬ ወረቀቱ ላይ ስማቸውን በጣታቸው ሦስት ጊዜ ተከተሉት፤ ከዚያ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ትንሽ ቆሙ። እኔም ዞር አልኩላቸው።

ወንድሜ የመጣው መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። ሸራውን ገፎ ፊት ለፊቷ ቆመ።

"በረዶ ወርዶ ነበር?"

"ጉድ የሆነ በረዶ።"

የፊተኛው ኮፈን ላይ ጣቱን አሳለፈ፤ በሽንብራ ሽንብራ ልክ ተጠቅጥቋል። ወደ ኋላ ዞረ። ጎንበስ አለ። ቀና አለ።

"ይሄስ?"

"እሱም በረዶ ነው።"

"ይሄን የሚያህል?"

"ትልልቁም ነበረበት።"

"ሁለቱ ጎን ለጎን ወረዱ?"

"አዎ፣ አብረው።"

ኮፈኑን ከፈተው። ሦስት ድንች ምንጣፉ ሥር ቀርተው ኖሮ አቆጥቁጠዋል። አንዱን አንሥቶ ቅጠሉን አየና አሳየኝ። በዚሁ ጊዜ እትዬ በክፍቱ በር ገቡ፤ እኔ በዓይኔ ስለምናቸው እሳቸው ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሰላምታው ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ነገሩት። ሲጨርሱ ትከሻውን መታ መታ አድርገው "ልጄ፣ መኪናህ ጎበዝ ናት፤ ጥፋቱ የአንተ ነው፣ ባዶዋን አታቁማት" አሉት። ወንድሜ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ትልቅ ሰው ፊት መቆጣት አልቻለም፤ ሊስቅም አልፈለገም። ድንቹን ይዞ ወደ ቤት ገባና እናቴን ውሃ ጠየቃት። ለአንድ ሳምንት አላናገረኝም። በስምንተኛው ቀን ደውሎ "ዳገቱን ሲወጡ ነዳጅ ምን ያህል ነበር የሚሰጡት ብለሽ ጠይቂልኝ" አለ።

በጥቅምት እትዬ በነጯ መኪናቸው እህታቸውን ሊጠይቁ ሆለታ ሄዱ። "ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ አብረሽኝ ውጪ" አሉኝና ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ፀሐይ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ጠፍጣፋውን ሜዳ ይዘው ቀስ ብለው ይነዳሉ። የማሠልጠኛ መኪና ላይ አስተማሪው የሚረግጠው ሁለተኛ ፍሬን አለ፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እግሬ ከእሱ ላይ ተነሥቶ አያውቅም። ከከተማ ወጣ እንዳልን እትዬ ወደ እግሬ አዩ። ቀኝ እግሬ ምንጣፉን ወጥሮ ይዞታል።

"ልጄ" አሉኝ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መልሰው፣ "እዚያ ጋ ፍሬን የለም።"

እግሬን አነሣሁ። ሆለታ እስክንደርስ የት እንደማስቀምጠው ጨነቀኝ።